ፕሮጀክቱ ለምን እንደከሸፈ አጣሩ ተባልን፤ ከየት እንጀምር?

ግምጃ ቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት። የምሠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የውስጥ ኦዲት ውስጥ ነው፤ ስሙ ይቅር። ግዥንና ንብረትን አንድ ላይ የሚያስተዳድር ሲስተም በጨረታ ተገዝቶ ነበር። ሥልጠና ተሰጠ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ርክክብ ተደረገ፣ የምረቃ ፕሮግራምም ነበረው። ዛሬ የሚጠቀምበት ሰው የለም ማለት ይቻላል። ንብረት ክፍሎቹ ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 እየቆረጡ ነው፤ ቢን ካርዱም (የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) እንደ ድሮው በእስክሪብቶ ይሞላል። ሰርቨሩ ግን እንደበራ ነው፣ የጥገና ክፍያውም በየዓመቱ ይወጣል።

አዲስ ኃላፊ ሲመጡ ለምን እንደከሸፈ የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋሙ። እኔ ጸሐፊ ሆኜ ተመደብኩ። እስካሁን ያነጋገርናቸው ሁሉ ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ሌላው ነው። አይቲ ክፍል "ተጠቃሚው ለውጥ አይፈልግም" ይላል። ንብረት ክፍል "ሲስተሙ ሥራ ያጓትታል" ይላል። አቅራቢው ድርጅት ደግሞ "በውሉ መሠረት ጨርሼ አስረክቤአለሁ፣ ፊርማውና ማኅተሙ ይኸው" ብሎ ወረቀቱን ላከልን።

የሪፖርቱ ረቂቅ የሚለውን ልንገራችሁ፦ "የአመራር ቁርጠኝነት ማነስ፣ የግንዛቤ እጥረት፣ የኔትወርክ መቆራረጥ።" ይህቺን ዓረፍተ ነገር በየሪፖርቱ አንብቤአታለሁ። ስለ መስኖ ብትጽፉም ትገባለች። አንዱ አባል መግቢያው ላይ "70 በመቶ የሚሆነው የአይቲ ፕሮጀክት ይከሽፋል" የሚል ይጨመር ይላል፣ ሌላው ደግሞ ጥፋተኛው በስም ካልተጠቀሰ አልፈርምም ብሏል።

ጥያቄዬ እንዲህ ያለ ነገር በትክክል የሚጣራው እንዴት ነው የሚል ነው። ሌላ አገር ሲያጣሩ ከምን ይጀምራሉ? አጥብቄ የምጠይቀው አዲስ ሲስተም ለመግዛት ከወዲሁ ወሬ ስለተጀመረ ነው፤ ምክንያቱን ሳናውቅ ከገባንበት በሕዝብ ገንዘብ ያንኑ ነገር መልሰን እንገዛለን።

ባለኮዱ፦

በመጀመሪያ ያቺን 70 በመቶ አውጣት። እንዲህ ያሉ ቁጥሮችን ሲጠቅሱ ብዙዎች የሚመዙት ስታንዲሽ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውን ሪፖርት ነው። እዚያ ላይ የተሳካ የተባለው 16.2 በመቶ ብቻ ነው፣ 31.1 በመቶው ተሰርዟል፣ የቀረው ዘግይቷል ወይም ከበጀት አልፏል ወይም ጎድሎ ቀርቧል። ግን "የተሳካ" የተባለው በመጀመሪያ በተገመተው ጊዜ፣ ገንዘብና ይዘት ያለቀ ነው። ስለዚህ ሲጀመር ግምቱ የተሳሳተ ነገር ግን ሰው ዛሬም የሚገለገልበት ሲስተም ከከሸፈው ጎራ ይመደባል። በዚህ ተመራማሪዎች አጥብቀው ተችተውታል። ከዚያ ይልቅ የኦክስፎርዶቹ ፍሊውብየርግና ቡድዚየር በ2011 ያወጡት ይሻላል። 1,471 ፕሮጀክቶች አይተው አማካይ የወጪ ጭማሪው 27 በመቶ ሆኖ አገኙት፤ ይሄ ብዙም አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ከየስድስቱ ፕሮጀክት አንዱ ነው። የእነዚህ ወጪ በአማካይ 200 በመቶ ነው የጨመረው። ማለትም አብዛኛው ትንሽ ይንገዳገዳል፣ ጥቂቱ ግን ተቋሙን ይዞ ይወድቃል። የእናንተ ከየትኛው እንደሆነ ግን የትኛውም መቶኛ አይነግራችሁም።

ሁለተኛው፣ መጨረሻ ላይ የተበላሸውን ነገር "ምክንያት" ብላችሁ እንዳትጽፉ። የለንደን አምቡላንስን ታሪክ እይ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1992 ጥሪ ሲመጣ የቅርቡን መኪና ራሱ መርጦ የሚልክ ሲስተም በመላው ለንደን ሥራ ጀመረ። ይሄ ሲስተም የሚሠራው እያንዳንዱ አምቡላንስ የት እንዳለና ምን እያደረገ እንደሆነ በትክክል ካወቀ ብቻ ነበር። ሠራተኛው መኪናው ውስጥ ያለችውን ቁልፍ በትክክል ካልተጫነ፣ ወይም መኪናው ሬዲዮ በደንብ የማይሠራበት ሰፈር ከገባ፣ ሲስተሙ መኪናዋን ያጣታል። ያጣትን አይልክም። ራቅ ያለችውን ይልካል፣ አንዳንዴም ለአንድ በሽተኛ ሁለት ይልካል። ለእያንዳንዱ መዛባት ደግሞ ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ማስጠንቀቂያው ሲበዛ የቆዩት ወደ ላይ እየተገፉ ከዓይን ጠፉ። መኪና የዘገየበት ሰው ደግሞ ይደውላል፣ ጥሪው ይበዛል፣ ሲስተሙ ይበልጥ ይንቀራፈፋል። እንዲህ እየተባባሰ ሄዶ ኖቬምበር 4 ጭራሹኑ ቆመ።

የቆመው አንድ ፕሮግራመር ከሳምንታት በፊት የተዋት ትንሽ ኮድ የሰርቨሩን ሜሞሪ ቀስ በቀስ በልታ ስለጨረሰች ነው። የእናንተ ኮሚቴ ቢሆን እዚህ ጋ ስም ጽፎ ይበተን ነበር። አጣሪዎቹ ግን ወደ ኋላ ሄዱ። በ1993 መጀመሪያ ባወጡት ሪፖርት ቀድሞ የተሠራ የአማካሪ ጥናት አገኙ፦ ሥራው 1.5 ሚሊዮን ፓውንድና 19 ወር ይፈልጋል የሚል፣ ያውም ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሶፍትዌር ከተገኘ። ጨረታውን ያሸነፈው ግን ከአንድ ሚሊዮን በታች ያቀረበ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ለዋናው ሶፍትዌር የተያዘው 35,000 ፓውንድ ገደማ ነበር። አመራሩ የሰጠው ጊዜ ደግሞ አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። ጊዜው አይበቃም ያለ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ የሚሰማው ነው የጠፋው።

እኔ ራሴ ለአቅራቢ ድርጅቶች ነው ኮድ የምጽፈው። የእናንተን ጨረታ ሰነድ ሳላይ መፍረድ አልችልም፣ ግን ከሌሎቹ ተጫራቾች የቴክኒክ ሰነድ ጀምር። የተሸነፉት ስንት ወር ብለው ነበር? ሁሉም ዓመት ከምናምን ብለው አንዱ ብቻ ስድስት ወር ካለ፣ ማጣራቱ ከዚያ ይጀምራል።

የኦታዋዋ፦

ባለኮዱ ትክክል ነው። እኔ ካናዳ፣ ኦታዋ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ፊኒክስ የሚባለውን የደመወዝ ሲስተም የማያውቅ ሰው የለም። ፌብሩዋሪ 2016 ሥራ ጀመረ። ወዲያው የአንዱ ደመወዝ ቀረ፣ የሌላው ጎደለ፣ ለአንዱ ደግሞ የማይገባው ተከፈለው፣ እሱን ለመመለስ ደግሞ ሌላ መከራ። የቤት ብድር ያለበት ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ አስበው።

መጀመሪያ ሰሞን የሚባለው የአንተ አይቲ ክፍል የሚለውን ዓይነት ነበር። ሠራተኛው ገና አልለመደውም፣ ሥልጠና ያንሰዋል። በ2018 የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ማይክል ፈርጉሰን ያወጡት ሪፖርት ግን ሌላ ነገር አሳየ። በ2012 ሲስተሙን የሚሠራው አይቢኤም "274 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል" ብሎ ነበር። የተፈቀደው በጀት 155 ሚሊዮን ነው። የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ታዲያ ወደ በላይ ሄደው ገንዘብ ወይም ጊዜ ይጨመርልን አላሉም። ሥራውን ቆረጡት። ከሲስተሙ ተግባራት የተወሰኑትን አስወጡ፤ ለምሳሌ ወደ ኋላ ታስቦ የሚከፈል የደመወዝ ልዩነትን የሚያሰላው ክፍል ወጣ። የሙከራ ጊዜውን አሳጠሩ። በአንድ መሥሪያ ቤት ቀድሞ ሊደረግ የነበረውን የሙከራ ትግበራ (ፓይለት) ሰረዙ። ደመወዝ የሚሠሩ ልምድ ያላቸው ሰዎችም ከየመሥሪያ ቤቱ ተቀንሰው ሥራው ወደ አንድ ማዕከል ሄዶ ነበር፣ በዓመት 70 ሚሊዮን ዶላር እናተርፋለን ተብሎ።

እኔን በጣም ያሳዘነኝ ግን መረጃው የት እንደቆመ ሳነብ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ስለ ፕሮጀክቱ የሚነግሩት እነዚያው የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ብቻ ነበሩ። ከእነሱ ውጭ "ይሄ ነገር ዝግጁ አይደለም" የሚል ድምፅ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ "ለምን ከሸፈ?" ብለህ ሰው አትጠይቅ። እንደዚያ ስትጠይቅ ሁሉም ራሱን ይከላከላል። ቃለ ጉባኤዎቹን፣ ደብዳቤዎቹን፣ ኢሜይሎቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድር። ገንዘብ ወይም ጊዜ ያነሰበትን ቀን ፈልግ። በዚያ ሳምንት ምን ተቀነሰ? ማን ያውቅ ነበር? ለማን ነገረ? የተነገረውስ ምን አደረገ? ወሬው የሞተበት ጠረጴዛ ላይ ትደርሳለህ። እዚያ ነው ምክንያቱ።

ስቶር ኪፐር፦

"ተጠቃሚው ለውጥ አይፈልግም" የምትለዋን ስሰማ ደሜ ይፈላል። በ2013 ዓ.ም. የጀመረውን ቴሌብር እኮ ዛሬ የጉልት ነጋዴዋም ትጠቀምበታለች። ማንም አላስገደዳትም፣ ሥልጠናም አልገባችም፣ ስለጠቀማት ነው። ሰው የማይፈልገው ሥራውን እጥፍ የሚያደርግበትን ነገር ነው።

እኔ በሌላ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፣ እኛም ጋ ተመሳሳይ ሲስተም መጥቶ ነበር። አሠራሩን ልንገርህ። ቅዳሜ ማታ የመስክ መኪና መንገድ ላይ ይቆማል። ሾፌሩ መለዋወጫ ፈልጎ ይመጣል። ዕቃው መደርደሪያው ላይ አለ። ሲስተሙ ግን ጥያቄው በሥራ ሂደት መሪው ካልጸደቀ ወጪ አያደርግም። እሳቸው መስክ ናቸው፣ ስልካቸው አይሠራም። ውክልና የሚሰጡበት ቦታ ሲስተሙ ላይ የለም። በወረቀቱ ዘመን ምክትላቸው "ስለ" ብሎ ይፈርም ነበር። ታዲያ ምን አደርጋለሁ? በጊዜያዊ ወረቀት አስፈርሜ ዕቃውን እሰጣለሁ። ሰኞ ሲስተሙ ላይ ላስገባ ስል የቅዳሜን ቀን አይቀበልም። በቃ፣ መደርደሪያውና ሲስተሙ ከዚያች ቀን ጀምሮ ተለያዩ። ይሄ በየሳምንቱ ሲደጋገም ቆጠራ ሲመጣ የሚጎድለው በእኔ ስም ነው። ዕዳ የሚያዝብኝ እኔ ነኝ፣ ሲስተሙ አይደለም። ወደ ቢን ካርድ የተመለስኩት ራሴን ለማዳን ነው፣ ማንም ሰው ያደርገዋል።

ሌላም አለ። የድሮ ዕቃዎች ዝርዝር ሲገባ ማንም ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ አላጣራውም። አንዱ "ወረቀት ኤ4"፣ ሌላው "ኤ4 ወረቀት"፣ ሦስተኛው "የፎቶ ኮፒ ወረቀት" ብሎ መዝግቦት ግዥ ክፍል አንዱን ሲያይ ባዶ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ይገዛል፤ እኔ ጋ ግን እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ሪፖርቱ ደግሞ በፈረንጅ ዓመት ነው የሚዘጋው። እኛ የምንዘጋው ሰኔ 30 ነው። ጳጉሜን ላይ የወጣ ዕቃ የት እንደሚመዘገብ ጠይቀን መልስ አላገኘንም።

እነዚህን ሁሉ ለሥልጠና የመጣው ልጅ ማስታወሻ ላይ ጻፈ። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ በደንብ አዳመጠን። ማስታወሻው የት እንደደረሰ አላውቅም።

ግምጃ ቤት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስቶር ኪፐር፣ ያልከው የእኛንም ቤት ይመስላል። ዛሬ ፋይሉን አገላብጬ ነበር። ርክክቡ የተፈረመው የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ነው፤ አብሮ ያለው ደብዳቤ "በጀቱ ተመላሽ ከመሆኑ በፊት ክፍያው እንዲፈጸም" ይላል። የሙከራ ቅጹ ላይ ሁሉም ሣጥን ውስጥ ምልክት ተደርጓል፣ ግን ፈራሚዎቹ የአይቲ ሰዎች ብቻ ናቸው። አንድም የንብረት ሠራተኛ የለበትም። ሥልጠናው ደግሞ የዕቃ ዝርዝሩ ከመግባቱ በፊት ስለተሰጠ ሰዎቹ የተማሩት በባዶ ስክሪን ላይ ነው።

አንድ ችግር አለብኝ። ርክክቡን ከፈረሙት ኃላፊዎች አንዱ አሁን የአጣሪ ኮሚቴው አባል ናቸው። ምን ባደርግ ይሻላል?

የቀድሞ ኦዲተር፦

ወንድሜ፣ ዕድሜዬን በኦዲት ነው የጨረስኩት፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ያገኘኸው ደብዳቤ ትልቅ ነገር ነው፣ ኮፒውን በቁጥር መዝግበህ ያዝ። ሰኔ ላይ የሚፈረም ርክክብ ብዙ አይቻለሁ። ሲስተሙ መሥራቱን ሳይሆን ገንዘቡ መውጣቱን የሚያረጋግጥ ፊርማ ነው። ይሄ የአንድ ሰው ክፋት አይደለም፤ ገንዘቡ ሐምሌ 1 ከእጅ የሚወጣ ከሆነ ጨዋ ሰውም ይፈርማል። ሪፖርትህ ላይ ይሄ ካልገባ የሚቀጥለውም ሲስተም ሰኔ ላይ ይፈረማል።

ስለ ኮሚቴው፦ ሰውየውን ሳትነካ በጽሑፍ ሐሳብ አቅርብ። "ርክክቡን የሚመለከተው ክፍል ሲታይ ፈራሚዎች መረጃ ሰጪ እንጂ አጣሪ እንዳይሆኑ" በል። ለኃላፊው በአካል ብቻ አትናገር፣ ቃል ይረሳል። እንግሊዝ አገር ቲኤስቢ የሚባለው ባንክ በ2018 የደንበኞቹን ሒሳብ ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር ብዙ ሰው ገንዘቡን ማየት አቅቶት ነበር። ቦርዱ ያጣራው በራሱ ሰዎች አይደለም፣ የውጭ የሕግ ድርጅት ቀጥሮ ነው። በኖቬምበር 2019 የወጣው ሪፖርት ታዲያ ቦርዱን ራሱን አልማረም፦ የጊዜ ሰሌዳው ተከልሶ ሳያልቅ አዲሱ ቀን መታወጁን፣ ከሁለቱ የመረጃ ማዕከላት በብዙ ተጠቃሚ ጭነት የተሞከረው አንዱ ብቻ መሆኑን አወጣው። የራስ ሰው ቢሆን ይህንን አይጽፍም።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከከሸፈ በኋላ ምን እንደተፈረመ ተመልከት። አውስትራሊያ ውስጥ የኩዊንስላንድ ጤና መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሲስተም ማርች 2010 ሥራ ጀምሮ ነርሶች ያለ ደመወዝ ቀሩ። አጠቃላይ ወጪው ወደ 1.2 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይደርሳል ተብሎ ተገመተ። በ2013 አጣሪ ኮሚሽኑ ምክንያቱን ሲጽፍ ቅድሚያ የሰጠው ያለ በቂ ምክንያት የተያዘውን ጥድፊያ ነው። መንግሥት አቅራቢውን ልክሰስ ሲል ግን በ2010 ራሱ የፈረመው ስምምነት አቅራቢውን ከተጠያቂነት ነፃ አውጥቶት ተገኘ፤ በ2015 ፍርድ ቤቱም ለአቅራቢው ፈረደ። እናንተ በየዓመቱ የምትከፍሉት የጥገና ውል ውስጥ "ሥራው በሙሉ ተጠናቅቋል" የሚል ቃል አለ ወይ? ዛሬውኑ አንብበው። ካለ፣ አዲስ ክፍያ ከመውጣቱ በፊት ሕግ ክፍል ይየው።

ስም መጻፍን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ላይ ባይሆን እመርጣለሁ። ቅጣት ሲሸት ወረቀት ይጠፋል። እናንተም ጋ ስቶር ኪፐር እንዳለው ዓይነት የሥልጠና ማስታወሻ ካለና እንዲገኝ ከፈለግክ፣ የጻፈው ልጅ እንዳይፈራ አድርግ።

ቀጥታ፦

እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝና በመጨረሻው አልስማማም። ስም የሌለበት ሪፖርት አንብበን አንብበን ነው እዚህ የደረስነው። "ችግር ተፈጥሯል" "ክፍተት ታይቷል" እየተባለ ፈጣሪው አይታወቅም። እርስዎ ራስዎ የጠቀሱት ባንክ በ2022 ከ48 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተቀጥቷል፣ በዓመቱ ደግሞ የአይቲ ኃላፊ የነበረው ሰውዬ በግሉ 81,620 ፓውንድ ተቀጣ። ሲስተሙ ስለተበላሸ አይደለም የተቀጣው። አቅራቢው ዝግጁ መሆኑን በደንብ ማረጋገጥ ሲገባው በቂ ጥንቃቄ ስላላደረገ ነው። እንዲህ ያለ ቅጣት ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ። ሣጥኖቹን ሁሉ ሳይሞክር ምልክት ያደረገ ሰው ስሙ ይጻፍ።

የቀድሞ ኦዲተር፦

ተጠያቂነት ይቅር አላልኩም፣ የኔ ልጅ። ቅደም ተከተሉን ነው የምለው። የእንግሊዙ ሰውዬ የተቀጣው ሁሉም ነገር ተጣርቶ ካለቀ ከዓመታት በኋላ፣ በሌላ አካል፣ ራሱን የመከላከል ዕድል ተሰጥቶት ነው። አጣሪውም ቀጪውም አንድ ኮሚቴ ሲሆን ግን ሁልጊዜ የሚገኘው ጥፋተኛ ዝቅ ያለው ሠራተኛ ነው። ሣጥኑ ላይ ምልክት ያደረገው ልጅ ማን አዞት እንዳደረገው ሳይጠየቅ ይባረራል።

ግምጃ ቤት፦

ሁለታችሁም ያላችሁት ገብቶኛል። ሐሳቡን በጽሑፍ አዘጋጅቼ ነገ አስገባለሁ፤ ምክንያቱ ለብቻ፣ የግለሰብ ኃላፊነት ለብቻ፣ በሌላ አካል እንዲታይ የሚል። የጥገና ውሉንም ከሕግ ክፍል ጠይቄአለሁ። የተሸነፉት ተጫራቾች ሰነድ መዝገብ ቤት እንዳለ ተረጋግጧል። የሚቀረኝ ንብረት ክፍሎቹን ማነጋገር ነው፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት እጀምራለሁ።

ስቶር ኪፐር፦

ከዋናው አትጀምር። ዋናው መሥሪያ ቤት አለቃ አጠገቡ ስላለ ሁሉም "ጥሩ ነው" ነው የሚልህ። ቅርንጫፍ ሂድ፣ ያውም ኔትወርክ የሚያስቸግርበት። እዚያ ጊዜያዊ ወረቀቶቹን አሳዩኝ በል፤ ማንም አይጥላቸውም፣ ቆጠራ ሲመጣ ማስረጃችን እነሱ ናቸው። ቀናቸውን ሲስተሙ ላይ ከተመዘገበው ጋር አስተያይ። መለያየት የጀመሩበትን ወር ካገኘህ ያኔ ምን እንደተፈጠረ ሠራተኛው ራሱ ይነግርሃል፣ ግን ብቻህን ሂድ፣ ኮሚቴውን ይዘህ አትግባ።